የሚሞቱ ችግኞችን ያጠጡ የነበሩት ጋሽ ወርቁ

ሚኒባሳችን ሂርና ላይ ለአፍታ ሲቆም ወርጄ ጫት ከሚያስሩት ሴቶች አጠገብ ጥላ ይዤ ቆሜ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ፣ ድሮ ጭሮ ጎረቤቴ የነበረች፣ ፊቴን ትኩር ብላ አየችና አወቀችኝ። ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ኑሮውን ተጠያይቀን ስናበቃ እጇን ከጫቱ ሳታነሳ፣ «ያ የሻጋታው ሰውዬ ሞቱ አይደል፤ ሰማሽ?» አለችኝ። ስማቸውን አልጠራችም። መጥራትም አያስፈልጋትም፤ ከጭሮ እስከ መቻራ የሻጋታው ሰውዬ ሲባል አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። ከተቀበሩ አርባ ቀናቸው ሊደርስ ሆኖ ለእኔ የደወለልኝ አንድ ሰው የለም። እኔስ ብሆን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት ጊዜ ደወልኩላቸው? ይህን ሳስብ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ። ሚኒባሱ ተነስቶ ዳገቱን ሲጀምር እንባዬ መጣ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ምንም ሳይጠይቁኝ ሶፍት አቀበሉኝ።

ጋሽ ወርቁ እኔ በተመደብኩበት የጭሮ የእርሻ መሥሪያ ቤት የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበሩ። ዲግሪ አልነበራቸውም። በወጣትነታቸው በዲፕሎማ ከደሴ ተመድበው መጥተው እዚያው ቀሩ። ኦሮምኛውን ከገበያ ነው የለቀሙት፤ እኔ በደረስኩበት ጊዜ ድምፃቸውን በስልክ ብቻ የሚሰማ ሰው የደሴ ልጅ ናቸው ቢሉት አያምንም። እኔ ደግሞ በዕፅዋት ሕክምና የተመረቅሁ፣ ከደብረ ታቦር ውጭ አገር ያለ የማይመስለኝ፣ አፌ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን ስሜንም ትውልዴንም ነገርኳቸው። ከሁለቱ ትውልዴን መረጡና «እሺ ደብረ ታቦር፣ ነጩ ጋውን ከበሩ ጀርባ አለልሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ግቢ ሌላ ስም አልነበረኝም።

ላቦራቶሪ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይታያችሁ። አንዲት ክፍል ናት። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ በአልኮል የምትነድ አንዲት ኩራዝ፣ ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ አንድ ትልቅ የእንፋሎት ድስት ነበሩን። መብራት ሲጠፋ፣ እሱም የማይጠፋበት ሳምንት አልነበረም፣ ድስቱ ከሰል ላይ ይጣዳል። ጋሽ ወርቁ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ፤ በዚያን ጊዜ አጠገባቸው ማውራት ክልክል ነው። ዘበኛችን አብዱረህማን ይህን ባየ ቁጥር «ጋሽ ወርቁ ውዱእ አድርገዋል፤ የቀራቸው መስገድ ብቻ ነው» እያለ ይስቅባቸዋል። እሳቸውም እጃቸውን እንዳነሱ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፉታል።

ሥራቸው ሻጋታ ማርባት ነበር። ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። አፈር ውስጥ የችግኝ ሥር የሚያበሰብሱ ሻጋታዎች አሉ። ለጋ የቡና ችግኝ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ይጠቁርና ይሟሽሻል፤ ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመው ዛሬ ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። ከነዚህ ክፉ ሻጋታዎች ጋር ደግሞ ትራይኮደርማ የሚባል ደግ ሻጋታ እዚያው አፈር ውስጥ ይኖራል። መልኩ አረንጓዴ ነው። ቦታና ምግብ ይሻማቸዋል፣ ይጠመጠምባቸዋል፣ ይበላቸዋል። ጋሽ ወርቁ ይህን ሻጋታ ከአፈር ለይተው አውጥተው፣ ማሽላ እንደ ንፍሮ በከፊል ቀቅለው፣ በእንፋሎት ድስቱ ከሌላ ተሐዋስ አጽድተው ይዘሩበታል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማሽላው አረንጓዴ ለብሶ ይነሳል። ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ችግኝ መደብ ላይ ይበተናል፤ መርጨት የለ፣ መርዝ የለ።

ሻጋታዎቹን «ሠራተኞቹ» ይሏቸዋል። ገና ካልበቀሉ «ሠራተኞቹ አልገቡም»፣ ማሽላውን ሲያለብሱት ደግሞ «ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ናቸው» ይላሉ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰው የሚበላውን ማሽላ ለሻጋታ ያበላሉ ተብለው ብዙ ተቀልዶባቸዋል፤ አንዳንዱም ቀልድ አልነበረም። እሳቸው ግን በሥራቸው የሚጠራጠሩ ሰው አልነበሩም። ስለ ትራይኮደርማ ሲያወሩ ስለ ጎበዝ ልጃቸው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

እኔ በሁለተኛው ዓመቴ ላይ ነገሩ ወደ ፈተና መጣ። ኃላፊያችን ሥራው በመስክ ሙከራ ካልታየ ክፍሉ ለዕቃ ግምጃ ቤትነት እንደሚፈለግ አስታወቁ። የሚወስነው አንድ ኮሚቴ ነበር። ሙከራው መቻራ ላይ ሊካሄድ ተወሰነ፤ በዚያ የሴቶች የቡና ችግኝ ጣቢያ በየዓመቱ ግማሽ ችግኙ ከመደብ ሳይወጣ ያልቅ ነበርና። ጣቢያውን የምትመራው ሀሊማ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ጋሽ ወርቁ ግን በአገሩ ደንብ «አዴ ሀሊማ» እያሉ በአክብሮት ይጠሯታል። እሷ በበኩሏ በአማርኛ ስታናግራቸው «አንተ» ነው የምትላቸው፤ ንቀት የሚባል ግን የለበትም።

ስድስት መደብ አዘጋጀን። ሦስቱ ሻጋታ የተደረገበት ማሽላ ይበተንባቸዋል፤ ሦስቱ ምንም አይደረግላቸውም። ጋሽ ወርቁ ለሴቶቹ ይህን በኦሮምኛ አስረዱ። የሚያደርጉትን ሁሉ ስለሚወዱት ማስረዳታቸው ረዘመ። ማሽላው እንዴት እንደሚቀቀል፣ እንዴት እንደሚሸፈን፣ ሲበቅል ምን እንደሚመስል አንድም ሳይቀራቸው ተናገሩ። ማንም አልጠየቃቸውም። ጥሩ ተደመጥን ብለን ተመለስን።

ችግኞቹ ቅጠል አውጥተው ጊዜው ሲደርስ ለመቁጠር ሄድን። መንገዱ ዝናብ የበላው ስለነበር የመጨረሻውን ክፍል በእግራችን ነው የገባነው። ጋሽ ወርቁ መደብ በመደብ እየተጎነበሱ ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንደኛው መደብ ለምለም ነው። ሁለተኛውም ለምለም ነው። ምንም ያልተደረገለት አራተኛው መደብ ላይ ስንደርስ እሱም ለምለም ነው። ስድስቱም አንድ ዓይነት ሆኑ። ሀሊማ ከኋላችን ቆማ መሬት መሬት ታያለች፤ ተጨንቃልን ነው ብዬ አዘንኩላት።

ጭሮ ተመልሰን ሠንጠረዡን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል፤ ግን ያደረግሁትን እነግራችኋለሁ። ምንም ካልተደረገላቸው መደቦች ከየአንዳንዱ ጥቂት ጥቂት በሕይወት ያለ ችግኝ ቀነስኩ። ብዙ አልቀነስኩም፤ ልዩነት እንዲታይ ያህል ነው። ትራይኮደርማ እንደሚሠራ በየመጽሐፉ አንብቤአለሁ፣ በላቦራቶሪም በዓይኔ አይቻለሁ። ለኮሚቴው እውነቱን ያስተካከልኩለት እንጂ የዋሸሁት አልመሰለኝም ነበር።

ጋሽ ወርቁ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼ ያየሽው ነው ወይስ የጠበቅሽው?» አሉኝ።

ብዙ ለፈለፍኩ። ሁላችንም እንደሚሠራ እናውቃለን፣ ክፍሉ ሊዘጋ ነው፣ መደቡ ላይ የሆነ ስህተት ተፈጥሮ ነው አልኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እንደሚሠራ እኔም አውቃለሁ» አሉ። «አዴ ሀሊማ ግን አፈሩን በማይክሮስኮፕ አታይም። የምታምነው እኛን ነው። ነገ የማይሠራ ነገር ብንሰጣት በምን ታውቃለች?»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ወረቀት አወጡና ያየነውን ቁጥር በእጃቸው ጻፉ፤ ልዩነት አልታየም ብለው ለኃላፊው ራሳቸው ወስደው ሰጡ። ኃላፊው ደግ ሰው ስለሆኑ ኮሚቴው ለመጨረሻ ጊዜ እስኪሰበሰብ ድረስ ወራት እንዳለን ነገሯቸው። ያን ሳምንት ጋሽ ወርቁን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ግን እንደ ሌላው ቀን «ደብረ ታቦር፣ ድስቱን አንሺልኝ» ይሉኝ ነበር።

ምክንያቱን ፍለጋ ወደ መቻራ ተመለስን። ጋሽ ወርቁ መደቡ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ማንንም ሳይጠይቁ አፈሩን በጣታቸው እያፈረሱ ያዩ ጀመር። ምንም ያልተደረገለት መደብ አፈር ውስጥ አረንጓዴ የለበሰ የማሽላ ፍሬ አገኙ። መዳፋቸው ላይ አድርገው ያዙት። ያን ጊዜ ሀሊማ መጥታ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለች። «አንተ ይኼ መድኃኒት ነው አልክ። ያኛውም መደብ ቡና ነው። አንዱን አብልቼ አንዱን እያየሁ ላስርበው? ወላሂ አልቻልኩም።»

እኔ በንዴት ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ወርቁ በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። የሰጠናት ለሦስት መደብ ብቻ የሚበቃ ስለነበር ሌላውን ከየት እንዳመጣች ጠየቋት። ከሰጠናት ላይ አንድ እፍኝ አስቀርታ፣ ማሽላ ቀቅላ፣ በፈላ ውሃ በታጠበ ሳፋ አድርጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ራሷ አባዝታው ኖሯል። ሦስት ጊዜ ሞክራ አንዱን ጥላዋለች። ለምን ጣልሽው ሲሏት እንደ ሞኝ አየቻቸው። እነሱ አገር ማሽላ የሚቀመጠው ጉድጓድ ተቆፍሮ ነው፤ ጉድጓድ ሲከፈት የተበላሸ ማሽላ ሽታው ምን እንደሆነ የማያውቅ የቤት እመቤት የለም። የጣለችው ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ያንኑ የጉድጓድ ሽታ የሚሸት ስለነበር ለዶሮ እንኳ አልሰጠችውም።

ጋሽ ወርቁ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ነው የሳቁት። ናሙናውን ጭሮ ወስደን በማይክሮስኮፕ አየነው። የራሳቸው ሻጋታ ነበር፤ ከጥቂት እንግዳ ተሐዋስ በቀር ንጹሕ። ሠላሳ ዓመት በእንፋሎት ድስት የደከሙበትን ሥራ አንዲት ሴት በሳፋ ሠርታዋለች። ቁጥር ብቻ የሚያዩ አዋቂዎች ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሙከራችን ትልቁ ውጤት ያ ነበር። ክፍሉን ለሚዘጉ ሰዎች ግን ይህ አይበቃም።

እኔ በዚህም ቸኮልኩ። ስድስቱም መደብ ሻጋታውን ካገኘና ስድስቱም ከለመለመ አለቀ፣ ሠርቷል ማለት ነው አልኳቸው። ዓመቱ ደግ ሆኖ በሽታው ባይመጣስ አሉኝ። ምንም ሳይደረግለት የሚቀር መደብ ያስፈልጋል። ከመቻራ ሴቶች ማናቸው ችግኛቸውን ለሞት ይሰጡናል? ጋሽ ወርቁ ይህን ጥያቄ ሊያቀርቡላቸው አልፈለጉም። ባለፈው ዓመት ችግኝ ካለቀበት ቦታ ላይ የታመመውን አፈር በማዳበሪያ ከረጢት አስሞልተው የመሥሪያ ቤቱ መኪና ላይ ጫኑና ጭሮ፣ እሳቸው ተከራይተው በሚኖሩበት ግቢ፣ ሁለት መደብ ሠሩ። ግራው ሠራተኞቹን አገኘ፤ ቀኙ ምንም አላገኘም።

ቀጥሎ ያለውን ወራት ነው እኔ ከሰውየው ልረሳ የማልችለው። በየማለዳው ወደ ሥራ ስሄድ በቤታቸው በኩል አልፋለሁ። ሁለቱን መደብ በአንድ ማጠጫ፣ በቆርቆሮ እኩል እየለኩ ያጠጣሉ። አረም ከግራው ሲነቅሉ ከቀኙም ይነቅላሉ። ፀሐይ ሲበረታ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዳስ ሠሩላቸው። በቀኙ መደብ ችግኞቹ መውደቅ ሲጀምሩ የወደቁትን ለይተው፣ የቆሙትን ደግሞ እንደ ትናንቱ ያጠጧቸዋል። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ለሚሞት ነገር ውሃ ማባከን ምንድነው ብለው አጉረመረሙ። ጋሽ ወርቁ በትሕትና፣ ውሃ ከነፈግኳቸው የገደላቸው በሽታው ይሁን እኔ አላውቅም ብለው መለሱላቸው።

አንድ ቀን ገብቼ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ከቀኙ መደብ ጫፍ ላይ አንድ ወፍራም ችግኝ ነበር፤ ከሁሉም ቀድሞ ቅጠል ያወጣ። ያን ጠዋት ጠቁሯል። ቀደም ብለው እፍኝ ማሽላ ቢያደርጉለት ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ማሽላው ደግሞ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ከረጢት ውስጥ አለ።

«ይኼን ወድጄው ነበር» አሉኝ። ከዚያም ተነስተው ማጠጫውን ሞሉ።

ኮሚቴው ምን እንዳለ አሁኑኑ ልናገርና ልገላገል። ሥራው ቀጠለ፣ ክፍሉ አልተዘጋም፣ የመቻራ ሴቶችም ዛሬ በየሳፋቸው ያባዛሉ። የሚበላሸውን እየለዩ ይጥላሉ፤ በየጊዜው ናሙና እየላኩ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራሉ። ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረችው የቆጠራው ጠዋት ግን የእኔ ናት።

ጋሽ ወርቁ ያጠጣሁትን እኔ አልቆጥርም አሉ። ወንበራቸውን ከቤቱ ጥግ አድርገው ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። ሀሊማ ለዚሁ ብላ ከመቻራ መጥታ ነበር። እሷ ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የቀኙ መደብ ቆጠራ ፈጥኖ አለቀ፤ የቆሙት ጥቂት ስለነበሩ። ግራው መደብ ለምለም ነበር፤ ገና ሳንጨርሰው ልቤ በደስታ ሞላ። ጫፉ ላይ ግን ደረቅ ችግኞች ነበሩ። አሥራ አንድ ናቸው። ከነዚህ በቀር መደቡ እንከን የለውም።

ሀሊማ አየቻቸው፤ እኔንም አየችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይኼን ዶሮ ጫረው በይና ተይው» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ከእኔ በላይ ሥራው እንዲቀጥል የምትፈልግ እሷ ናት፤ የእኔ ደመወዝ በዚያም በዚህም አይቀርም፣ የእሷ ችግኝ ግን ይቀራል።

አጥሩን ዞሬ አየሁት። እሾሁ እንዳለ ነው፤ የተከፈተ ቦታ የለም።

«ሀሊማ፣ ዶሮ ገብቷል?»

እሷም ዞራ አየች። ጊዜ ወሰደባት። «አልገባም» አለች።

አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ወስጄ ለጋሽ ወርቁ ሰጠኋቸው። ከላይ ጀምረው አነበቡ፣ የግራው መደብ ደረቅ ችግኝ የሚለው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አሥራ አንድ» አሉ።

«አሥራ አንድ» አልኩ።

ወረቀቱ ግርጌ ላይ ሁለት መስመር ነበረ፤ ከላይ «ሙከራውን ያካሄደው»፣ ከታች «ረዳት» ይላል። ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። በረዳቱ መስመር ላይ ልጽፍ ስል በጣታቸው ከላይ ያለውን አሳዩኝ። ልከራከራቸው ፈለግሁ፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን ከመስመሩ አላነሱም። ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ። ብዕሩን ተቀበሉኝ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ከእኔ ስም በታች ረዳት በሚለው ላይ የራሳቸውን ሙሉ ስም ጽፈው ፈረሙ።